ድርጅቱ ፈርሷል፤ ዕዳውስ? የፈረሰ የንግድ ማኅበር ሲከሰስ ተጠያቂው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከቆሙት ትልልቅ የእህል ማከማቻዎች ነው። ጎተራው እዚያው ቆሞ ሳለ በእህል ንግዱ ላይ የተሰማራው የመንግሥት ተቋም ስሙ ደጋግሞ ተቀይሯል። በደርግ ዘመን እህልን በኮታ ከገበሬው ይሰበስብ የነበረው ተቋም ከመንግሥት ለውጡ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ድርጅት ከኢትፍሩት፣ ከጅንአድና ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተቋቋመ።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይነሳል። በአሮጌው ስም እህል ያስረከበ ነጋዴ፣ በአሮጌው ማኅተም የተቀጠረ ሠራተኛ ወይም በአሮጌው ድርጅት ላይ ክስ የከፈተ ሰው ስሙ ሲጠፋ ሐቁም ይጠፋል? ጥያቄው የመንግሥት ድርጅቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ በየሰፈሩ ሁለትና ሦስት ወንድማማቾች በሽርክና የከፈቱት «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ሲዘጋ ሁሌም ይመጣል። ባለገንዘቡ «ቢሮው ተዘግቷል፤ ማንን ልክሰስ?» ይላል። ሸሪኩ ደግሞ «ድርጅቱ ፈርሷል፤ እኔ በግሌ የተበደርኩት የለም» ይላል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን የሚመለከተውን ሕግ በቅደም ተከተል እናያለን። ሸሪዓው በጉዳዩ ላይ የሚለውንም አያይዘን እናነሳለን። ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ በሕጉም በዲናችንም መርሁ አንድ ነው፤ ዕዳ ይቀድማል፤ ክፍፍል ይከተላል።

መዘጋትና መፍረስ ይለያያሉ

ብዙ ጊዜ «ፈርሷል» የሚባለው ድርጅት በሕግ ፊት አልፈረሰም። ቢሮ መዝጋት፣ ታፔላ ማውረድ፣ ስልክ ማጥፋት ወይም የንግድ ፈቃድ ሳያሳድሱ መቅረት ማኅበሩን አያፈርሰውም። የንግድ ፈቃድ መመለስም ቢሆን የመሥራት ፈቃዱን ነው የሚያስቀረው። ማኅበሩ ራሱ፣ ማለትም በስሙ የሚከስና የሚከሰስ ሕጋዊ ሰው መሆኑ፣ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ በሩ የተዘጋ ድርጅትን መክሰስ ይቻላል። አስቸጋሪው መጥሪያ ማድረስና ንብረት ማግኘት ነው።

መፍረስ ግን ሕጋዊ ውሳኔ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከ1952ቱ የንግድ ሕግ የወረሰው መሠረታዊ አካሄድ ይህን ይመስላል። ማኅበሩ የተቋቋመበት ጊዜ ሲያበቃ፣ ዓላማው ሲፈጸም ወይም ሊፈጸም እንደማይችል ሲታወቅ፣ አባላቱ ሲወስኑ፣ ፍርድ ቤት በበቂ ምክንያት ሲያዝ ወይም ኪሳራ ሲታወጅ ማኅበሩ ይፈርሳል። አባላቱ ራሳቸው ከወሰኑ ውሳኔው በቃለ ጉባዔ ይሰፍራል፤ ቃለ ጉባዔው ይረጋገጣል፤ በንግድ መዝገብም ይገባል።

ዋናው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። የመፍረስ ውሳኔ የማኅበሩ ፍጻሜ ሳይሆን የሒሳብ ማጣራት መጀመሪያ ነው። ማኅበሩ ሒሳቡ ተጣርቶ ከመዝገብ እስኪሰረዝ ድረስ ለማጣራቱ ሥራ ሲባል ሕጋዊ ሰውነቱ አይቋረጥም። አዲስ ንግድ አይጀምርም፤ ነገር ግን የሚሰበስበውን ይሰበስባል፤ የሚከፍለውን ይከፍላል፤ ይከሳል፤ ይከሰሳል። በሰነዶቹ ላይም በሒሳብ ማጣራት ላይ መሆኑ መገለጽ አለበት።

ሦስቱ መንገዶች

ለባለገንዘቡ መልሱ የሚለያየው ድርጅቱ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ነው።

የመጀመሪያው መቀላቀል ነው። በጎተራው ምሳሌ ያየነው ይህ ነው። አንድ ድርጅት ወደ ሌላው ሲጠቃለል ንብረቱና ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ዕዳውና ግዴታውም ወደ ተረካቢው ያልፋል። በአሮጌው ስም የተጀመረ ክስ ካለ ተረካቢው በቦታው ተተክቶ ይቀጥላል። ለሠራተኞችም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ነው፤ ድርጅት ከሌላ ጋር በመቀላቀሉ፣ በመከፋፈሉ ወይም ወደ ሌላ ባለቤት በመተላለፉ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም። «የቀጠረህ ድርጅት አሁን የለም» የሚል መልስ ለብቻው በቂ አይደለም።

ሁለተኛው በፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈርሶ በሒሳብ አጣሪ መጣራት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ማኅበር ዕዳውን ለመክፈል የሚበቃ ንብረት አለው ተብሎ ይታሰባል።

ሦስተኛው ኪሳራ ነው። ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት ኪሳራ ያውጃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለገንዘብ ለየብቻው እየሮጠ ያገኘውን መያዙ ይቀራል። ንብረቱ ፍርድ ቤቱ በሚሾመው ሰው እጅ ይሰበሰባል፤ ባለገንዘቦች ማስረጃቸውን ይዘው ይመዘገባሉ፤ ያለው ሀብት በቅደም ተከተልና በድርሻ ይከፋፈላል። አዲሱ የንግድ ሕግ ከኪሳራ በፊት ድርጅቱን ለማዳን የሚያስችል መልሶ የማደራጀት ሥርዓትም አካትቷል።

ሒሳብ አጣሪው ምን ያደርጋል?

ማኅበሩ ከፈረሰ ጊዜ ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ሥልጣኑን ለሒሳብ አጣሪው ያስረክባል። አጣሪው ንብረቱንና ዕዳውን ይመዘግባል፤ በመዝገብ የሚታወቁ ባለገንዘቦችን ያሳውቃል፤ ያልታወቁት ደግሞ ማስረጃቸውን ይዘው እንዲቀርቡ በማስታወቂያ ይጠራል። የታወቀ ባለገንዘብ ስላልቀረበ ብቻ ሐቁ አይሰረዝም፤ ድርሻው ተለይቶ ይቀመጣል። ጊዜው ያልደረሰ ወይም በክርክር ላይ ያለ ዕዳም እንዲሁ መጠባበቂያ ይያዝለታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት ሸሪኮች የእህል ጅምላ ንግድ ማኅበር ነበራቸው እንበል። ማኅበሩ ሲፈርስ ንብረቱ ሁሉ ተሸጦ 1,800,000 ብር ተገኘ። ጤፍ በዱቤ ላስረከበች ነጋዴ 900,000 ብር፣ ለሠራተኞች ውዝፍ ደመወዝ 200,000 ብር፣ ለግብር 200,000 ብር ዕዳ አለበት። በተጨማሪ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት 400,000 ብር ይገባኛል ብሎ ከሷል፤ ክሱ ገና አልተወሰነም።

የታወቀው ዕዳ 1,300,000 ብር ነው። ስለዚህ ከሽያጩ 500,000 ብር ይተርፋል። ሸሪኮቹ ይህን አሁኑኑ ለሦስት ሊካፈሉት ይችላሉ? አይችሉም። በክርክር ላይ ላለው ጉዳይ 400,000 ብር መቀመጥ አለበት፤ ለክፍፍል የሚቀርበው 100,000 ብር ብቻ ነው። ባለመኪናው ከተረታ የተቀመጠው ገንዘብ ወደ ሸሪኮቹ ይመለሳል፤ ከረታ ደግሞ ሐቁ ይጠብቀዋል። አጣሪው ይህን ሳያደርግ ገንዘቡን ቢያከፋፍል ለደረሰው ጉዳት ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ዕዳ ሳይከፈል ድርሻውን የወሰደ ሸሪክም የወሰደውን መልስ ሊባል ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ አግባብ የበለጸገ ሰው እንዲመልስ ያስገድዳልና።

ክሱ በማን ስም ይቀርባል?

ክሱ ማኅበሩ ከመፍረሱ በፊት ተጀምሮ ከሆነ በመፍረሱ ምክንያት አይዘጋም። አጣሪው ማኅበሩን ወክሎ ይቀጥላል። ክሱ የሚጀመረው በማጣራት ሂደት ውስጥ ከሆነ ተከሳሹ ራሱ ማኅበሩ ነው፤ «በሒሳብ ማጣራት ላይ ያለ» ተብሎ ይጠቀሳል፤ መጥሪያውም ለአጣሪው ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ማኅበሩን ትተው የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅ በግሉ በመክሰስ ነው። ተከሳሹ «እኔ አይመለከተኝም» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳል፤ ከሳሽም ጊዜና የዳኝነት ገንዘብ ያባክናል።

ማጣራቱ አልቆ ማኅበሩ ከመዝገብ ከተሰረዘ በኋላ ግን ማኅበሩን መክሰስ አይቻልም፤ ተከሳሽ የሚሆን ሰው የለምና። በዚህ ጊዜ የሚቀሩት መንገዶች በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ አጣሪ፣ ዕዳ ሳይከፈል ድርሻ የወሰዱ አባላት፣ ዋስ የሆኑ ሰዎችና ጉዳዩን የሚሸፍን የመድን ውል ካለ መድን ሰጪው ናቸው። ስለዚህ ለባለገንዘቡ ከሁሉ የሚከብደው ኪሳራ ዝምታ ነው። ማስታወቂያው ወጥቶ፣ ማጣራቱ አልቆ፣ መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ መንቃት መንገዱን ያጠበዋል።

ሸሪኮቹ በግላቸው የሚጠየቁት መቼ ነው?

በአክሲዮን ማኅበርና በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። ቤቱና የግል መኪናው ለማኅበሩ ዕዳ አይነካም። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ግን ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ ባለገንዘቡ ሙሉውን ዕዳ ከአንዱ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመመሥረቻ ጽሑፉን ማየት ያስፈልጋል።

«የተወሰነ» የሚለው ቃልም ቢሆን ሁልጊዜ ጋሻ አይሆንም። ለማዋጣት ቃል የገባውን ያልከፈለ አባል ቀሪውን እንዲከፍል ይጠየቃል። በዓይነት የተዋጣ ንብረት ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ተገምቶ ከሆነ ልዩነቱ ያስጠይቃል። በአስተዳደር ጥፋቱ የማኅበሩ ንብረት ለዕዳ እንዳይበቃ ያደረገ ሥራ አስኪያጅ ወይም የቦርድ አባል በባለገንዘቦች ሊከሰስ ይችላል። ለባንክ ብድር በግሉ የፈረመ ዋስ ደግሞ ማኅበሩ ቢፈርስም ዋስነቱ አብሮ አይፈርስም። ከመፍረሱ በፊት ንብረትን በወንድም ወይም በሚስት ስም ማዛወርም አያዋጣም፤ ባለገንዘቦችን ለመጉዳት በማጭበርበር የተደረገ ውል በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል፤ እንደ ሁኔታውም በወንጀል ያስጠይቃል።

ከባለገንዘቦች መካከልም ሁሉም እኩል አይቆምም። የመያዣ መብት ያለው ባንክ በመያዣው ላይ ቅድሚያ አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በያዘው ንብረት ላይ የፍርድ ቤት ክርክር ሳይጠብቅ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሠራተኛ ክፍያም በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከሌሎች ዕዳዎች የመቅደም መብት ተሰጥቶታል። ያለ መያዣ በዱቤ ያስረከበ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ይሰለፋል።

በሸሪዓ ዕይታ

የንግድ ማኅበር እንደ «ሕጋዊ ሰው» መታየቱ ለፊቅህ አዲስ ነገር ቢመስልም ቅርብ ምሳሌ አለው። ሙፍቲ ሙሐመድ ተቂ ዑስማኒን የመሰሉ የዘመናችን ሊቃውንት ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ዕዳ የዋጠው ተሪካ፣ ማለትም ዕዳ ትቶ የሞተ ሰው ውርስ ነው። ሟቹ የለም፤ ወራሾቹም ገና ባለቤት አልሆኑም፤ ንብረቱ ግን የዕዳ ተጠያቂ ሆኖ ቆሟል። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ የውርስ ድርሻዎችን ሲዘረዝር ክፍፍሉ ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑን ደጋግሞ ያስታውሳል። በማጣራት ላይ ያለ ማኅበርም እንዲሁ ነው። ሸሪኮቹ እንደ ወራሾች ናቸው፤ ተራቸው ከባለ ሐቆቹ በኋላ ነው።

ኃላፊነትን በካፒታል መጠን መወሰንስ ይፈቀዳል? የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው 7ኛ ጉባዔው እንዲህ ዓይነት ማኅበር ማቋቋም በሸሪዓ ክልከላ እንደሌለበት ወስኗል። ምክንያቱም ከማኅበሩ ጋር የሚገበያይ ሰው የኃላፊነቱን መጠን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማታለል የለበትም። ከዚህ የምንረዳው ግን ፈቃዱ በግልጽነት ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ዕዳ ሊከፍል እንደማይችል እያወቀ በዱቤ የሚወስድ፣ የማኅበሩን ገንዘብ ከግሉ ጋር የሚቀላቅል ወይም ንብረቱን አሽሽቶ «የተወሰነ ኃላፊነት» የሚል ሰው ይህን ውሳኔ መጠጊያው ሊያደርገው አይችልም።

የዕዳን ክብደት ለማሳየት በቡኻሪ የተዘገበው የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ታሪክ በቂ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 3 ዲናር ዕዳ ኖሮበት መክፈያ ሳይተው በሞተ ሰው ላይ ለመስገድ ዘገዩ፤ የሰገዱበት አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ ነው። ዕዳው የንግድ መዝገብ ስለተሰረዘ ብቻ ከትከሻ ወረደ ብሎ ማሰብ ለአማኝ ቀላል አይደለም። በሕግ ግዴታ ባይኖርበትም አቅሙ ያለው ሸሪክ በዱቤ ያስረከበችውን ነጋዴ ማስደሰቱ ትልቅ ኢሕሳን ነው።

በሌላ በኩል ዲናችን ባለገንዘቡንም ይመክራል። ሱረቱል በቀራህ በእውነት የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ መጠበቅን ያዛል፤ መማርን ደግሞ የበለጠ ይወዳል። እዚያው ሱራ ውስጥ ያለው ረጅሙ የቁርኣን አንቀጽም ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። በጽሑፍ ያልያዝነውን ሐቅ በፍርድ ቤት ማስመለስ የሚያስቸግረው ይህን ምክር ስለምንተወው ነው።

ኢስላማዊ የሚል ስም ብቻም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አያደርግም። ቱርክ ውስጥ ከወለድ ነፃ ይሠራ የነበረው ኢህላስ ፊናንስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ፈቃዱ ተነጥቆ ወደ ማጣራት ሲገባ ገንዘባቸውን ያስቀመጡ ሰዎች የተቀማጭ ዋስትና አልነበራቸውም፤ ዓመታት ጠብቀዋል። «የራሳችን ሰዎች ናቸው» የሚል መተማመን የሒሳብ መዝገብን አይተካም።

ጉዳዩን የት እንውሰድ?

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና መሰል ጉዳዮችን ይመለከታል፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ። የማኅበር ዕዳ ክርክር የመደበኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ሸሪክ ሞቶ ድርሻው ለወራሾች ሲተላለፍ ግን ውርሱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ሽማግሌና ዑለማ በዕዳው መጠንና በአከፋፈሉ ላይ ቢያስማሙ መልካም ነው። ነገር ግን የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የኪሳራ ፍርድንና የማኅበር መፍረስ ውሳኔን በግልግል ከማይዳኙ ጉዳዮች ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህ በታች ያሉትን በጊዜ ቢፈጽም ይጠቀማል፦

- የማኅበሩን የንግድ መዝገብ ማውጣት፤ ፈርሷል ወይስ ተዘግቷል? አጣሪው ማን ነው?
- ውል፣ ደረሰኝ፣ የርክክብ ሰነድና የባንክ ማስረጃ አሰባስቦ ለአጣሪው በጽሑፍ ማቅረብና የተቀበለበትን ማስፈረም።
- ንብረት ሊሸሽ ነው የሚል በቂ ምክንያት ካለ ከፍርድ በፊት ንብረት እንዲከበር ወይም እግድ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ።
- የይርጋ ጊዜን መቁጠር። የውል ጥያቄ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ሲኖረው ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ግን 2 ዓመት ነው። ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት 6 ወር ብቻ አለው።

ማኅበሩን የሚዘጋ ሸሪክ ደግሞ ቁልፉን ከመመለሱ በፊት ቃለ ጉባዔውን ያስመዝግብ፤ አጣሪ ይሹም፤ የግብር ክሊራንስ ይጨርስ፤ ሠራተኞቹን ይክፈል፤ በክርክር ላይ ላለው ሐቅ ገንዘብ ያስቀምጥ። ድርሻውን የሚያነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሰነድና ሁኔታ ስላለው ክስ ከመክፈት ወይም ማኅበር ከማፍረስ በፊት ጠበቃ ማማከር አይቀርም። ጎተራ ላይ የተቋማት ስም ሲቀያየር ዕዳና ግዴታ ከስም ወደ ስም አልፈዋል። በሦስት ሸሪኮች ትንሽ ማኅበርም ያው ነው፤ ታፔላው ይወርዳል፤ ሐቁ ግን ባለቤቱ እስኪረከበው ድረስ አማና ሆኖ ይቆያል። ወላሁ አዕለም።